ዜሮና ባዶ አንድ አይደሉም

ሰኔ ነው። እንጅባራ እንደ ልማዷ ከማለዳው ጭጋግ ለብሳለች፤ እኔም ቢሮዬ ውስጥ ካፖርቴን ሳላወልቅ የፈተና ወረቀት አርማለሁ። በሩ ተንኳኳና አንድ ልጅ ገባ። ባለፈው ዓመት ተመርቆ ግቢው ያስቀረው ጂኤ ነው። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ፣ እጁ ላይ ፍላሽ።

«ዶክተር፣ ሲቪዬን ቢያዩልኝ ብዬ ነው።»

«ለምን ፈለግኸው?»

«ስኮላርሺፕ ላመለክት።»

«ምን ልታጠና?»

ትንሽ አሰበና፣ «የተገኘውን» አለኝ።

አልሳቅሁበትም። በእሱ ዕድሜ እኔም ብጠየቅ መልሴ ይኸው ነበር። ፍላሹን ከፈትኩት። «የታተሙ ጥናቶች» በሚለው ርዕስ ሥር አራት ጽሑፎች ተደርድረዋል፤ አራቱም በሁለት ወር ውስጥ የወጡ፣ አራቱም በማላውቃቸው ጆርናሎች። ስለ ምን እንደሆኑ ብጠይቀው የሁለቱን በቅጡ ሊነግረኝ አልቻለም። ያን ቀን ያወራነውንና ከዚያ ወዲህ ሳወጣ ሳወርድ የከረምኩትን ነው እዚህ የምጽፈው። ለእሱና ለጓደኞቹ ይሁን። ልጃቸው «ዩኒቨርሲቲ ቀረ» ሲባል ደስ ብሏቸው፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ግን ለማያውቁ ወላጆችም ይጠቅማል።

መሰላሉ

በመጀመሪያ ዲግሪው ከፍ ያለ ውጤት ያመጣ ተማሪ በዩኒቨርሲቲ ሲቀጠር የመጀመሪያው ማዕረጉ ረዳት ምሩቅ ነው፤ ጂኤ የምንለው እሱን ነው። ላብራቶሪ ያሠራል፣ ቲቶሪያል ይሰጣል፣ ፈተና ይጠብቃል። ሁለተኛ ዲግሪውን ሲይዝ ሌክቸረር ይሆናል። ከዚያ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር እያለ ይወጣል። ከሌክቸረርነት በላይ ላለው ግን ማስተማር ብቻውን አይበቃም፤ አብዛኛውን ጊዜ የታተመ ምርምር ይጠየቃል።

መሰላሉ የሚንቀጠቀጠው እዚህ ላይ ነው። ደሞዙ ከወር ወር አያደርስም፣ የክፍል ጫናው ብዙ ነው፣ የምርምር በጀቱ ትንሽ ነው፤ የሚቆጠረው ግን ወረቀቱ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለምደው መቁጠር ይሆናል። እኔ ደግሞ ከመቁጠሩ በፊት መመዝገቡ ይቅደም ባይ ነኝ። ይህን ያስተማሩኝ ፕሮፌሰር አይደሉም።

ከገብሱ ማሳ ዳር

የተወለድኩት ዳንግላ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን የሠራሁት ግን ከእንጅባራ ወጣ ብለው ባሉ ሦስት የገብስ ማሳዎች ላይ ነበር። የደጋው አፈራችን አሲዳማ ነው። ዝናቡ ለዘመናት ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን እያጠበ ወስዶበታል። እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ያቀጭጨዋል፤ ፎስፈረሱም በአፈሩ ታስሮ ይቀራል። ገበሬው ማዳበሪያ ገዝቶ ቢበትንም ምርቱ የልፋቱን ያህል አይመጣለትም። አንዱ መፍትሔ የግብርና ኖራ ነው። ከሀገሪቱ የእርሻ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ይህ ችግር እንዳለበት ሲጠቀስ ቆይቷል። የእኔ ሥራ ምን ያህል ኖራ እንደሚበቃ መለካት ነበር። ከአንዱ ማሳ ዳር የዝናብ መለኪያ ተክዬ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አነብና ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ።

ሐምሌ ላይ አክስቴ ዐረፉና ለለቅሶ ዳንግላ ወረድኩ። አራት ቀን ቆየሁ። ስመለስ መለኪያው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሟል። ለካሁትና በተመለስኩበት ቀን ላይ ጻፍኩት፤ የአራቱን ቀን ቦታ በዜሮ ሞላሁት። ድምሩ እንደሁ አልተዛነፈም፣ ማን ያውቃል ብዬ።

የማሳው ባለቤት አዛውንት አጥሩን ተደግፈው ያዩኝ ነበር።

«ለቅሶ ላይ የነበርሽበትን ቀን ምን ብለሽ ጻፍሽው?»

«ዜሮ ብዬ ነው፣ አባቴ።»

«ዜሮ ምን ማለት ነው?»

«ዝናብ አልጣለም ማለት ነው።»

«ማክሰኞ ዕለት እኮ በረዶ ወርዶ ገብሴን ሲወቃው ዋለ። አልነበርኩም ብለሽ ጻፊ እንጂ ልጄ፣ በሰማዩ ላይ ምን ያላክክሻል?»

ፊቴ ጋለ። ዜሮዎቹን በአንድ በአንድ መስመር ሰረዝኳቸውና ከጎናቸው «አልነበርኩም» ብዬ ጻፍኩ። ደብተሩ ዛሬም አለኝ፤ የሰረዝኩበት መስመር ይታያል።

ዜሮ ማለት ሄጄ፣ አይቼ፣ አጣሁ ማለት ነው። ባዶ ማለት አላየሁም ማለት ነው። እነዚህን ሁለቱን የሚያምታታ ተመራማሪ በሌላው ሁሉ ቢሳካለት ሥራው እምነት አይጣልበትም። ሳይንስ ውስጥ ለመግባት ያሰበ ወጣት ከሁሉ በፊት ይህን ይያዝልኝ፤ የቀረው ምክሬ ሁሉ ከዚሁ የሚቀዳ ነው።

የዳንግሽታ ደብተር

ነገሩ የእኔና የአንድ አዛውንት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል፣ ወደ ትውልድ ወረዳዬ ልመለስ። ዳንግላ ወረዳ ዳንግሽታ ቀበሌ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ገበሬዎች ራሳቸው ዝናብ፣ የጉድጓድ ውሃ ከፍታና የወንዝ ከፍታ እየለኩ ይመዘግቡ ነበር። ሥራውን ከእነሱ ጋር የጀመሩት የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው ናቸው። ዳንግላ በዓመት በአማካይ 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ግን ከግንቦት እስከ ጥቅምት ወርዶ ያልቃል። በቀሪው ወቅት አትክልት ማጠጣት የፈለገ ገበሬ ዓይኑን የሚጥለው ጉድጓዱ ላይ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንዳለ፣ መቼ እንደሚወርድ፣ መቼ እንደሚሞላ ለማወቅ ደግሞ ሳይሰለች የሚለካ ሰው ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ የገበሬ መዝገብ ለሳይንስ ይበቃል ወይ? ተመራማሪዎቹ ይህን በግምት አላለፉትም። የገበሬዎቹን ልኬት ከመደበኛ ጣቢያዎች መዝገብና ከሳተላይት ግምቶች ጋር አስተያዩት። እ.ኤ.አ. በ2016 «ጆርናል ኦፍ ሃይድሮሎጂ» ላይ ባሳተሙት ጥናት የገበሬዎቹ መረጃ ከመደበኛው የማያንስ ጥራት እንዳለው አሳዩ።

ይህን ጽሑፍ አዲስ ለሚገቡ ጂኤዎች ሁሉ አስነብባለሁ። መሣሪያ የለንም ማለት ልማዳችን ነው፤ እውነትም ብዙ ጊዜ የለንም። ዳንግሽታ ላይ የተሠራው ግን በአብዛኛው በመለኪያ ዘንግ፣ በሜትርና በደብተር ነው። ውድ የሆነው ነገር ሳያቋርጡ መገኘት ነበር። ስለዚህ ለልጁ የሰጠሁት የመጀመሪያ የቤት ሥራ ይህ ነው፦ ዛሬ የምትጀምረውና አምስት ዓመት ልታቆየው የምትችል አንድ መዝገብ ክፈት። የአንድ ምንጭ ውሃ ይሁን፣ የአንድ ማሳ አፈር ይሁን፣ ያሻህን። በእርሳስ ጻፍ፤ እስክሪብቶ በእንጅባራ ዝናብ ይፈስሳል። ማታ ማታ ገጹን በስልክህ ፎቶ አንሳ። ኢንተርኔት ላይ ብቻ አታስቀምጥ፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራቸው ሁሉ ደመና ላይ የነበረ ባልደረቦቼ ለወራት እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። የእኔ ደብተር ግን መብራትም ኔትወርክም አልጠየቀም።

«የተገኘውን» አታጥና

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ስትመጣ፣ አዲስ ቅዳምን አልፈህ፣ ግራና ቀኙን የሚሸፍነው ዛፍ ዲከረንስ ነው። አገሩ አውስትራሊያ ነው። የፋግታ ለኮማ ገበሬ በራሱ መንገድ አላመደው፦ በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ተክሎ በመካከሉ ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ በዛፎቹ መካከል የሚበቅለውን ሣር ያጭዳል፤ በአራተኛው በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ ከዚያ መሬቱን እንደገና ይጀምረዋል። ብዙ ቤት በዚህ ቆርቆሮ ለብሷል፣ ብዙ ልጅ በዚህ ተምሯል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ዝገት የሚባለው የፈንገስ በሽታ ገብቶ ዛፉን እያደረቀው ነው።

እንግዲህ የጥያቄ ያለህ የሚል ጂኤ እዚህ ተቀምጦ «የተገኘውን አጠናለሁ» ሲል አስቡት። በሽታው በየትኛው ከፍታ ላይ ይበረታል? ከጭጋጉ ጋር ግንኙነት አለው? ዛፉን የነቀለ ገበሬ ወደ ምን ዞረ? መሬቱስ ከዲከረንስ በኋላ ገብስ ያበቅላል? እነዚህ ለዶክትሬት የሚበቁ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከመኖሪያ ክፍሉ በባጃጅ የሚደረስባቸው። የውጭ ተመራማሪ ለማየት ቪዛና በጀት ይለምንባቸዋል።

ከእኛ ወደ ደቡብ፣ በዚሁ የአዲስ አበባ መንገድ ላይ፣ ፍኖተ ሰላም አለች። ዶ/ር ሰገነት ቀለሙ የተወለዱት እዚያ ነው። ዓለማያ ተምረው፣ አሜሪካ ውስጥ በዕፅዋት በሽታ ዶክትሬታቸውን ሠርተው፣ ኮሎምቢያ ውስጥ በሚገኝ ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከል ለዓመታት አገለገሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ አፍሪካ ተመለሱ። በ2013 ናይሮቢ የሚገኘውን የነፍሳት ምርምር ማዕከል የኢሲፔን ዋና ኃላፊነት ያዙ፤ በ2014 ደግሞ የሎሪያል-ዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማትን ተቀበሉ። ይህን የማነሳው ሴት ተማሪዎቼ እንዲሰሙት ነው፤ እንዲሁም መሄድ ነውር እንዳልሆነ ለመናገር። ሂድ። ሂጂ። ነገር ግን ጥያቄ ይዞ የሄደና ጥያቄ ፍለጋ የሄደ አንድ አይሆኑም። ሁለተኛው የሰው ጥያቄ ሠርቶ ይመለሳል።

የቅርብን ማየት ምን ያህል እንደሚያዋጣ ከዶ/ር አክሊሉ ለማ በላይ ምስክር አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርክተው አዩ። በእንዶድ ልብስ ሲታጠብ ስንት ዘመን ኖረናል! የሞቱትን ቆጥሮ ለምን ያለ ግን እሳቸው ናቸው። ዕውቅናው በማግስቱ አልመጣም። እንዶድ ለሰውና ለአካባቢ ጉዳት እንደሌለው በሚታመኑ ላብራቶሪዎች እንዲረጋገጥ ተጠየቁ፤ ለዚያ ገንዘቡን ማግኘት ራሱን የቻለ ትግል ሆነ። ከባልደረባቸው ከለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበሉት በ1989 ነው። ከአድዋው ወንዝ 25 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

በዘጠኝ ቀን የታተመው ጽሑፌ

አሁን የራሴን ጉድ ላውጣ። ሌክቸረር ሳለሁ አንድ ኢሜይል ደረሰኝ። «የተከበሩ ታዋቂ ተመራማሪ» ይለኛል፤ ያኔ ከእናቴ በቀር ማንም አያውቀኝም። ጽሑፍ እንድልክ ጋበዘኝ። ላክሁ። በዘጠነኛው ቀን ታተመ። አንድም ገምጋሚ አንድም ቃል አላለበትም። የከፈልኩት 200 ዶላር ነበር፤ ብሩን ከዘመድ ተበድሬ፣ ክፍያውን ውጭ ባለ ዘመድ በኩል። ለዕድገት ፋይሌን ሳስገባ ኮሚቴው ጆርናሉን አይቶ ጽሑፉን ሳይቆጥርልኝ ቀረ። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ አይደለም፤ የሁለት ክረምት መረጃዬ እዚያ ውስጥ ገብቶ ስለቀረ ደህና ጆርናል ላይ እንደ አዲስ ላሳትመው አልቻልኩም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ መልቀምም አልሆነልኝ።

ለማያውቅ አንባቢ፦ እውነተኛ ጆርናል ጽሑፉን ለሙያው ሰዎች ልኮ ያስገመግማል፤ ወራት ይወስዳል፤ ብዙውን ጊዜም አርመህ አምጣ ወይም አልተቀበልንም ይላል። አጭበርባሪው ገንዘቡን ተቀብሎ ይለጥፋል። መለያው ብዙም አይከብድም። ሳትጠይቀው ከጻፈልህ፣ በሳምንት አትምልሃለሁ ካለህ፣ ክፍያውን አስቀድሞ ከነገረህና ግምገማውን ካልነገረህ፣ እለፈው። የአዘጋጆቹን ስም አይተህ ለአንዱ ጻፍለት፤ ስሙ እዚያ እንዳለ እንኳ የማያውቅ ታገኛለህ። ለዕድገት የሚቆጠሩትን ጆርናሎች ከዩኒቨርሲቲህ የምርምር ቢሮ ጠይቀህ ዝርዝሩን ያዝ። ለማንበብ ደግሞ ገንዘብ አያስፈልግህም፤ ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባለው መርሐ ግብር እንደ እኛ ላሉ አገሮች ተቋማት ጆርናሎችን በነጻ ይከፍታል፤ የአፍሪካ ጆርናሎች ኦንላይንም አለ።

አልተቀበልንም መባል ዜሮ ነው። ሄደሃል፣ ለክተሃል፣ ውጤቱ አልመጣም። የገምጋሚው አስተያየት ግን እጅህ ላይ ቀርቷል። አለመላክ ባዶ ነው። የተገዛ ጽሑፍ ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል፤ እኔ በአራቱ ቀን ላይ የጻፍኩት ዓይነት ዜሮ ነው።

አርባ አንደኛው ደብዳቤ

ዶክትሬት ፍለጋ ውጭ ላሉ ፕሮፌሰሮች 40 ኢሜይል ልኬያለሁ። ስሙን ብቻ እየቀየርኩ፣ «በእርስዎ ዘንድ የመማር ጽኑ ፍላጎት አለኝ» የሚል። መልስ የሰጠኝ የለም። አርባ አንደኛውን ለየት አድርጌ ጻፍኩት። የሰውየውን ሁለት ጽሑፎች አነበብኩ። ከዚያ ከሦስቱ ማሳዎቼ በአንዱ ላይ ኖራው ምንም ለውጥ እንዳላመጣ፣ ለምን እንደሆነም እንዳልገባኝ በሦስት አንቀጽ ገለጽኩና ሰንጠረዡን አያያዝኩ። በሳምንቱ መለሰልኝ። ላፍርበትና ልደብቀው የነበረው ውጤት በሩን ከፈተልኝ።

ለልጁ ያልኩትም ይህንኑ ነው። አርባ ሰው ላይ አትበትን፤ አራት ሰው ምረጥና የምር አንብባቸው። ሴቶች ትሪየስት የሚገኘውን በታዳጊ አገሮች ያሉ ሴት ሳይንቲስቶችን የሚደግፈውን ድርጅት ይፈልጉ፤ ለዶክትሬት ይረዳል።

አማካሪ ስትመርጥ ማዕረጉን ብቻ አትይ። ከእሱ ጋር ጨርሰው የወጡ ሁለት ሰዎች ፈልግና ሦስት ነገር ጠይቃቸው፦ ረቂቅ ሲሰጡት በስንት ጊዜ ይመልሳል? ሲቸግር ስልክ ያነሳል? ጽሑፉ ሲወጣ የማን ስም ቀደመ? የስም ቅደም ተከተል ሥራው ሳይጀመር ይነጋገሩበታል፤ ካለቀ በኋላ ሲነሳ ሽማግሌ ያስፈልጋል። ማሳውን የሰጠህን ገበሬ በምስጋናው ገጽ ላይ አትርሳ። ውጤቱንም ሄደህ ንገረው፤ አሳትመህ የጠፋህ እንደሆነ ከአንተ በኋላ ለሚመጣው ተማሪ በሩ ይዘጋል።

የማስተማር ጫናውም ቢሆን ሁሉ ኪሳራ አይደለም። እኔ የአፈር ላብራቶሪ ሳሠራ ተማሪዎቼ ለእረፍት ሲሄዱ ከየቤታቸው ማሳ አንድ ኪሎ አፈር በፌስታል ይዘው እንዲመጡ አደርጋለሁ። ከየት ወረዳ፣ ከየትኛው ማሳ፣ ምን ተዘርቶበት እንደነበር ይጽፉበታል። ልምምዳቸው የዚያን አፈር ፒኤች መለካት ነው። ውጤቱን ግድግዳዬ ላይ ባለው ካርታ እለጥፋለሁ። ያላመጣ ተማሪ ካለ ቦታው ባዶ ይቀራል፤ ከጎረቤቱ አንሞላለትም።

ለወላጅ፣ ለልጁም

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ዩኒቨርሲቲ ቀርቶ ሦስት ዓመት ሙሉ ቤት ሳይሠራ፣ መኪና ሳይገዛ፣ ጭቃ ጫማ አድርጎ ማሳ ለማሳ ሲዞር ብታዩት «ምን ሠራህ?» ብላችሁ አታሳቅቁት። ደብተርህን አሳየኝ በሉት። ደብተር ካለው እየሠራ ነው።

አንተም ወንድሜ፣ ሲቪህን አይቼልሃለሁ። አራቱን ጽሑፎች አውጣቸው፤ ገጹ ሲራቆት አትደንግጥ። ዛሬ ማታ አዲስ ደብተር ግዛ። በሄድክበት ቀን ያየኸውን ጻፍ፣ ሄደህ ያጣህበትን ዜሮ በል። ያልሄድክበትን ቀን ደግሞ ባዶ ተወውና ከጎኑ «አልነበርኩም» ብለህ ጻፍ።